የሦስት ሳምንት ኖራ

ውድ ማኤስትሮ ኤቫሪስቶ፣

ከእስር ቤት የላክኸው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። ስለ ጤናህ አንድ ቃል ሳትጽፍ «ግድግዳችን እንዴት ነው?» ብለሃል። መቼም አንተ እንዲሁ ነህ። መልሱን አራት ጊዜ ጀምሬ አራቴም ቀድጄዋለሁ።

ግድግዳችን እየረገፈ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት እኔ ስለስን፣ አንተ ልስኑ ሳይደርቅ ስትስልበት ኖረናል። ጠዋት ጠዋት መወጣጫው ላይ ሆነህ «ሽማግሌው፣ ኖራው ስንት ጊዜው ነው?» ትለኛለህ። «ካንተ ትዳር የበለጠ ቆይቷል» ስልህ ቀለምህ እስኪደፋ ትስቃለህ። በሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ፣ የአገረ ገዥው ወታደሮች የገደሏቸውን የሰባቱን የፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች ፊት ልትስል የጀመርክ ዕለትም ጠየቅኸኝ። «ዓመት ሞልቶታል» አልኩህ። ዋሸሁህ። ዓመት ውኃ ውስጥ መብሰል ሲገባው፣ ጉድጓድ ውስጥ የቆየው ሦስት ሳምንት ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ የአገረ ገዥው ሰው ኖራ ጉድጓዴ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ስዕሉን እኛ ብናፈርሰው ከተማው ይነሳብናል» አለኝ። «በራሱ ጊዜ ይርገፍ። እንዴት እንደሚረግፍ አንተ ታውቅበታለህ። ወንድምህ እኛ ዘንድ ነው።»

ያንን ኖራ በለሰንኩ በሳምንቱ ወንድሜ ሩፊኖ ተፈታ። ጣቶቹን ሰባብረዋቸዋል፣ ግን በሕይወት መጣ። ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅህም። አንተን ደግሞ ስዕሉ ባለቀ ማግስት ወሰዱህ።

በደንብ ያልበሰለ ኖራ ውሎ አድሮ ያብጥና ቀለሙን ይተፋል። የሰባቱን ሬሳ በባቡር ጭነው የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስለዚህ ለዶኛ ቶማሳ፣ ከሰባቱ አንዱ የሆነው የልጇ የኤራስሞ መቃብር ያ ግድግዳ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ልጇ ስሙን የወረሰው ቅዱስ በሚከበርበት ቀን፣ እንደ ልማዷ ጣፋጭ ዳቦ ይዛ መጥታ ግድግዳው ላይ የተሳለውን ጉንጩን ዳበሰችው። ጉንጩ እጇ ላይ ቀረ። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ለቅማ በሻሿ ቋጠረችው።

«ክሪሶፎሮ፣ ለማኤስትሮ ስትጽፍ እንዳይቆጣኝ ለምንልኝ» አለችኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ስዳስሰው ስዳስሰው ጨረስኩት። ይኸው እየው፣ እጄ ሻካራ ነው።»

«እሺ» አልኳት።

መልእክቷን አድርሻለሁ፤ አንተ ግን እንዳታምናት። ነገ ከቅዳሴ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ቆሜ እጇ ምንም እንዳላጠፋ፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ እነግራታለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ የልጇ ፊት የተሰጠኝ በአደራ ነበር።

ለሳኝህ የነበረው
ክሪሶፎሮ