ቤቱ የእሷ ነው

ሰኔ 3
ኮኩ መብሰል ጀመረ። ቺስኳ ዛፉ ሥር ቆሞ “አንድ ብቻ ልቅጠፍ?” ይለኛል። ይኼን ሁሉ ዓመት በትዳር ኖረን ባሌ አሁንም ያስፈቅዳል! እህቴ ወሊ ሳቀችበት። “ከእናቱ ቤት ይዞ የመጣው አንድ ኮርቻ ነው፤ ምን ያድርግ?”
እኛ ቼሮኪዎች ዘንድ፣ ነጭ እዚህ ምድር ሳይደርስ ጀምሮ፣ ቤትም ማሳም የሴት ነው። ይኼን ለማን ነው የምጽፈው? አላውቀውም እንዴ?
ወሊ ከወፍጮ ቤት ወሬ ይዛ መጥታለች። የጆርጂያ ነጮች ምድራችንን ዕጣ ተጣጥለውበታል አሉ... ዓይናቸው እንኳ ሳያየው።

ሰኔ 9
የጆርጂያ መንግሥት ሰው ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ከኋላው አንድ ቀጭን ነጭ... ፕሩየት ይባላል። ማሳችን በዕጣ የደረሰው ለእሱ ነው። እኔ በቆሎ እየኮተኮትኩ ነበር፤ ስደርስ ቺስኳን እያናገሩት ነው።
“የዚህ ቤት ባለቤት አንተ ነህ?”
ቺስኳ ሳቀ። “እኔ? ኧረ ወዲያ! የሚስቴ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ። ካኮረፈች ኮርቻዬን ደጅ ታወጣዋለች፣ በቃ!”
አስተርጓሚው ሳይቀር ሳቀ። እኔም። ፕሩየት ግን የሳቀው ከሁላችንም ዘግይቶ ነው... ከተተረጎመለት በኋላ።

ሰኔ 10
የእናቴ ወንድም ካኑና እያለከለከ መጣ።
“አንተ ሰውዬ፣ ምን አልካቸው?”
“እውነቱን ነዋ፣ ጋሼ።”
“ጉድ ሠራኸን! ባለቤቱ ያለበትን ቤት ባለዕጣው አይነካም። ባለቤት የሌለውን ግን ይወስዳል። ሚስት ደግሞ እነሱ ዘንድ ከቁጥር አትገባም። በገዛ አፍህ ‘ይኼ ቤት ባለቤት የለውም’ አልካቸው!”
“እሷ አለች እኮ!”
“እሷማ የለችም።”
በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የለሁም።

ሰኔ 12
እንቅልፍ የለም። ፕሩየት ዛሬ መጥቶ አጥራችንን በእርምጃ ለካ። ሰላምታም የለ።

ሰኔ 14
አጎቴ ከመንግሥቱ ሰው ዘንድ ተመለሰ። አንድ መንገድ አለ። ቺስኳ ቀርቦ “ቀልዴን ነው፣ ቤቱም ማሳውም የኔ ነው” ይበል። እኔም አጠገቡ ቆሜ “አዎ፣ የሱ ነው” ልበል።
“ለነሱ ጆሮ ነው፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ምን ይለወጣል?”
ምን ይለወጣል? እናቴ እዚህ ተቀብራ... ጉያዬ ያለችው ትንሿ ልጄ ነገ ምን ልትወርስ ነው?
ቺስኳ ብድግ አለ። “እንዴት አድርጌ ነው የምለው? ሰው ሲሰማኝ ሌባ ልባል?”
“በል!” ብዬ ጮህኩበት። “ውጭ ከማደር ይሻላል። በል!”

ሰኔ 17
አለ።
እኔም አልኩ። አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ሁለቴ አስደገሙኝ።

ሰኔ 18
ቤቱ ተረፈልን። ወሊ ልትጨፍር ደርሳ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። ቺስኳ ትናንት ውጭ ነው ያደረው። “ግባ እንጂ” አልኩት። “እሺ” አለ፤ አልገባም።

ሰኔ 25
ነጮቹ ቀን ቀን ከብት ይነዱብናል፣ በቆሎው ተረገጠ። ውሻችንን ተኩሰው ገደሉት። ቺስኳ “ወንድሞቼ አገሩን ለነጭ ለቀው ወደ ምዕራብ የሄዱት ወደው መሰለሽ? እዚህ እናልቃለን” ይላል። እንዳልሰማ ሆንኩ። ቤት ውስጥ መተኛት ጀምሯል።

ሐምሌ 2
ፕሩየት ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ዛሬስ ባርኔጣውን አወለቀ... ለቺስኳ። በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ ነው ያናገረው። “ሽጥልኝና ሂድ። ጋሪም እሰጥሃለሁ፣ በሰላም ትደርሳላችሁ።”
እኔ የባሌን ሳቅ ጠበቅኩ። “ኧረ ወዲያ” እስኪል ጠበቅኩ።
ቺስኳ ማሳውን ቃኘ። አጥሩን፣ ጣሪያውን፣ አንድ በአንድ። እንዲህ ሲያይ አይቼው አላውቅም። እኔን አላየኝም።
“ላስብበት” አለው።