የሲሚንቶ ፊደሎች

ቅዳሜ

ሲሚንቶው አልደረቀም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሄጄ ነካሁት፤ ጣቴ ሰመጠ። እስከ ነገ ካልጠነከረ ሰኞ ለልጆቹ የሚሰጥ ነገር አይኖርም፤ ለልጆቹ ካልተሰጠ ደግሞ ሐሙስ ለወላጆች የሚታይ አይኖርም። የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤትና መምህርት እትዬ ሳህራ ነገሩን አልደበቁኝም። «ሰይድ፣ ልስኑ አልቋል። ወላጆች ሐሙስ መጥተው ደስ ብሏቸው ልጆቻቸውን ለመጪው መንፈቅ ካስመዘገቡልኝ፣ አንተን በዘበኝነትና በረዳትነት አስቀርሃለሁ። ካላስመዘገቡ ግን እኔም ለራሴ አልተረፍኩም» አሉኝ። አማርኛውን የለመዱት በስደት ዓመታት ድሬዳዋ ሲኖሩ ነው።

መዋዕለ ሕፃናቱ ያለበት ቤት እዚህ ሶማሌዎቹ ከተማ ውስጥ፣ 31 ሜይ በሚባል ሰፈር ነው። በጦርነቱ ጣሪያው ወድቆ ነበር። ጣሪያውን ሌሎች መለሱት፤ የጥይቱን ቀዳዳ የደፈንኩትና ግድግዳውን የለሰንኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሳህራ ሶማሊኛ የሚጻፍባቸውን ትልልቅ የላቲን ፊደሎች ልጆቹ እርሳስ ከመያዛቸው በፊት በእጃቸው እንዲያውቋቸው ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ጎላ ብሎ የወጣውን ፊደል በጣታቸው ይከተሉታል፤ ከዚያም ትሪ ላይ በተነጠፈ አሸዋ ይጽፉታል። «የጌጥ ብሎኬት ትሠራ የለም እንዴ? ፊደል ምን ይከብድሃል?» አሉኝ።

እኔም ጭቃ ደልድዬ ፊደሎቹን በምስማር ቆፈርኩ፤ በቆፈርኩት ላይ ሲሚንቶ አፈሰስኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ ራሴን አላመንኩም፤ እያንዳንዱን ከሰሌዳው ጋር ደጋግሜ አመሳክሬ ነው የቆፈርኩት።

እሑድ

ጠንክሯል፣ አልሐምዱሊላህ። ከዐስር ሶላት በኋላ ከጭቃው አወጣኋቸው። ለሙከራ ኤ፣ ኤች፣ ኤምና ኦ የሚባሉትን ብቻ አጠብኩ። እንከን የላቸውም። ስንጥቅ የለም፣ ጠርዛቸው አልተሸረፈም። የቀሩትን ጭቃቸውን እንደ ያዙ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኳቸው፤ እትዬ ሳህራ ልጆቹ ራሳቸው ይጠቧቸው ብለዋል። ማጠቡም ለእነርሱ ጨዋታ ነው።

የማድረው ኑሩ ዘንድ ነው። ኑሩ እንደ እኔው የከሚሴ ልጅ ነው፤ በበርበራ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ይሠራል። ዛሬ ሚስቱ ወሩ ሲያልቅ እንደምትመጣ ነገረኝ። ውጣ አላለኝም። እንዲል መጠበቅም ነውር ነው። ሥራው ካልተገኘ የት እንደማድር አላውቅም፤ ባዶ እጄን ከሚሴ መግባት ደግሞ ከሜዳ ማደር ይብሳል።

ሰኞ

ዛሬ ጉድ ሆንኩ።

ልጆቹ ባልዲውን ከበው ፊደሎቹን ማጠብ ጀመሩ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ሆዳን የምትባል ልጅ አለች፤ ዕድሜዋ አምስት ቢሆን ነው፣ አንደበቷ ግን የትልቅ ሰው ነው። የታጠበውን ዲ ከሰሌዳው ዲ ጋር አስተያየችና፣ «አዴር» አለችኝ። ልጆች በዕድሜ የሚበልጣቸውን ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። «አዴር፣ ይህ ዲ ሆዱን ለምን ወደዚያ አዞረ? ከሰሌዳው ጋር ተጣልቷል?»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አየሁት። ከዚያ ቢን አየሁ፣ ኬን አየሁ፣ ኤፍን አየሁ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረዋል።

እትዬ ሳህራ አልተቆጡም። «ፊደሉን ጭቃው ላይ እንዳለ ነው የቆፈርከው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንዳለ ነው አልኳቸው። «ማኅተም አይተህ አታውቅም? ቀና ሆኖ የተቆፈረ ዞሮ ይወጣል» አሉና ወደ ክፍል ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እስከ ዛሬ በፎርማ ያወጣሁት አበባና ኮከብ ብቻ ነው። አበባ ቀኝና ግራ የለውም፤ ቢዞርም ያው አበባ ነው። ያታለሉኝም እነዚያ አስቀድሜ ያጠብኳቸው አራቱ ፊደሎች ናቸው፤ እነርሱም በሁለቱም ጎን አንድ ናቸው።

ኑሩ ሲሰማ ምሳው ትን እስኪለው ድረስ ሳቀ። «አንተ ጌታዬ፣ አገሩን ሁሉ ግራኝ ልታደርገው ነው» አለኝ። ቆይቶ ግን መልኬን አየና ሳቁን ተወ።

ማክሰኞ

ልሰብራቸው መዶሻ ይዤ ሄጄ ነበር። ሆዳን ቀድማኛለች። ቢን ጭኗ ላይ አስተኝታ እንደ ሕፃን ታባብላለች። «ምን ሆኖ ነው?» አልኳት በተሰባበረ ሶማሊኛዬ። «ታሟል። አንተ ደግሞ አፍህ ታሟል» አለችኝ። ከዚያ እግሩን ወደ ላይ፣ ራሱን ወደ ታች አድርጋ ገለበጠችው። ቢ ዳነ። ልክ እንደ ሰሌዳው ቢ ሆነ።

መዶሻውን አስቀመጥኩ። ዲን ገለበጥኩት፤ ዳነ። ሲ፣ ኢና ኬም ዳኑ። ኤፍ አልዳነም። ኤስና ኤን ቢገለበጡም ያው እንደ ዞሩ ናቸው።

ልጆቹ ወዲያው ሐኪም ቤት ከፈቱ። ጤነኞቹ በግድግዳው ሥር ተደረደሩ፣ በሽተኞቹ ጆንያ ላይ ተኙ። በሽተኛ የያዘ ልጅ ሕመሙ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቱ ያሳያል፤ ከዚያም ጤነኛውን አሸዋው ላይ ይጽፋል። አብዲ የሚባለው ዝምተኛ ልጅ ብቻ ተቸገረ። ቁርኣን ቤት ስለ ለመደ እጁ ሁልጊዜ ከቀኝ ነው የሚነሣው። ኤልን ሲጽፍ በሽተኛውን ጻፈና አፍሮ በመዳፉ አጠፋው።

እትዬ ሳህራ ከበሩ ላይ ቆመው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። «ያልዳኑትን ብቻ እንደገና ሥራቸው» አሉኝ። ከድምፃቸው ምንም መረዳት አልቻልኩም።

ረቡዕ

ለሲሚንቶ ጊዜ የለም። ኑሩ ከሚያውቀው ለሳኝ ጀሶ አመጣልኝ፤ ጀሶ ቶሎ ይደርቃል። ዛሬ ፊደሎቹን በስስ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ወረቀቱን በጀርባው ገለበጥኩ፣ የታየኝን ጭቃው ላይ ቆፈርኩ። ዐይኔ ስህተት ነው ይለኛል፣ እጄ ግን ቀጠለ።

ቀትር ላይ ደመና መጣ። ላስቲክ አለበስኳቸውና አጠገባቸው ቆምኩ። ጥቂት አካፍቶ አለፈ።

ሳወጣቸው ቀና ነበሩ፣ አንድ በአንድ። ቢስሚላህ ብዬ ኤስን ሳነሣው ግን ወገቡ ላይ ተሰበረ። የቀረ ጀሶ የለኝም። ነገ ኤስ የለም።

ሐሙስ

ወላጆች መጡ። እናቶች ይበዛሉ፤ አባቶች ጥቂት ናቸው። ፊደሎቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። የኤስን ቦታ ክፍት ትቼው ነበር። ለካ አብዲ ያንን የሲሚንቶውን በሽተኛ ኤስ አምጥቶ እዚያ አኑሮታል። ላነሣው ስሄድ የአብዲ አባት ቀደመኝ፤ ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ፊደሉን አንሥቶ፣ «መምህርት፣ ይህ የዞረ ነው። ልጄን የምታስተምሪው ይህን ነው?» አለ።

እትዬ ሳህራ ከመናገራቸው በፊት አብዲ፣ «አባ፣ እሱ እኮ በሽተኛ ነው» አለው።

«ማን ነው በሽተኛ?»

«ኤስ።»

ከዚያ የአሸዋውን ትሪ ሳበ። እጁ እንደ ልማዱ ከቀኝ ተነሣ፤ እንደ ኤሉ ሊያዞረው ነው አልኩ። ኤስ ግን ከቀኝ የሚጀምር ፊደል ነው። ጣቱ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ተመለሰ፣ ከታች ዞረ። ቀና ኤስ። «ጤነኛው ይህ ነው» አለ።

አባትየው አሸዋውን በእጁ ጠረገና፣ «ድገመው» አለ። ደገመው። ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ሌላ በሽተኛ የለም?» ሲል ጠየቀ። ልጆቹ እየተጋፉ የቀሩትን በሽተኞች ከጆንያው ሥር አወጡ። ሆዳን የአንዲት እናት የኤን አጻጻፍ አልጥማት ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመቻት።

ወላጆቹ ወደ እትዬ ሳህራ ጠረጴዛ ሲሄዱ መመልከት አልቻልኩም። ወደ ጓሮ ወጥቼ ባልዲ አጠብኩ። ንጹሕ ነበር፤ እንደገና አጠብኩት። ድምፅ እሰማለሁ፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም። በመጨረሻ እትዬ ሳህራ መጡ።

«ያንን ባልዲ ልትበሳው ነው?»

«አይ፣ እትዬ።»

«ተመዝግበዋል። የአብዲ አባት የወንድሙንም ልጅ ጨምሯል።» የጓሮውን ክፍል ቁልፍ ሰጡኝ። «ጥረገውና ግባ። ዘበኛዬ ሰው ቤት አያድርም።»

እሺ ብዬ መጥረጊያ አነሣሁ።

ዓርብ

ጠዋት ዕቃዬን አመጣሁ። ኑሩ ፍራሹን በትከሻው ተሸከመልኝና በሩ ላይ ሲደርስ፣ «አለቃ፣ ማንኳኳት አለብኝ?» አለ። የክፍሉ መስኮት ጠባብ ነው፣ ግን ይዘጋል። ግድግዳው ላይ የጥይት ቀዳዳ ቀርቷል፤ የሚመጣው ሳምንት ሥራ ይሆናል።

ከጁምዓ ስመለስ ጋደም አልኩ። ይህ አገር ከገባሁ ወዲህ ቀን ተኝቼ አላውቅም፤ የተኛ ሰው ሥራ ያመልጠዋል እያልኩ እፈራ ነበር። ስነቃ የዐስር አዛን ይሰማል። የት እንዳለሁ ለማወቅ ጥቂት ቆየሁ፤ ካወቅሁ በኋላም ትንሽ ተኛሁ።