የድንቡሼ አድራሻ

ውድ እትዬ፣

ከሳሽሽ ነኝ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የድረ ገጽ አድራሻውን እንድታስረክቢ፣ አለዚያ ፍርድ ቤት እንደምገትርሽ የጻፍኩልሽ እኔው ነኝ። ሳቂብኝ፤ እዚህም ሳምንቱን ሙሉ ሲሳቅብኝ ነው የሰነበተው።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ። ባለፈው ዓመት አባባ በሩ ላይ ቆሞ «አባትና ወንድ ልጁ ትራስ ቤት» የሚለውን ታፔላ ቀና ብሎ አየው። አሥራ ሁለት ዓመት ሰፍቼ ስሜ ታፔላው ላይ የለም ብለሽ፣ መቀስሽን አስቀምጠሽ ከወጣሽ ስድስት ዓመት ሊሆን ነው። ያን ቀን «ታፔላ ምን ያደርግልሻል?» ብዬሽ ነበር። ታፔላው ላይ ላለ ሰው እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

አባባ ስሙ ይቀየርና ድንቡሼ ይባል አለ፤ በልጅነትሽ እሱ ይጠራሽ በነበረው። ለትራስ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? አዲሱን ታፔላ ሰቅለን ፎቶውን ልንልክልሽ ተማከርን።

የንግድ ምልክቱን አስመዘገብን፤ ትራሱ ላይ የሚሰፋ አራት ሺህ መለያ አሳተምን። ድረ ገጽ ለመክፈት የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። አድራሻው ተይዟል። ባለቤቱ ማንነቱን ደብቋል፤ መልእክት የሚደርሰው በአስመዝጋቢው ድርጅት በኩል ብቻ ነው፤ ገጹ ላይም «በቅርብ ቀን» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም የለም። ጠበቃችን ይህን ከማሳተማችን በፊት ማየት እንደነበረብን ነገረችን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ምልክቱ ሌላ ሰው በዚህ ስም ትራስ እንዳይሸጥ ይከለክላል እንጂ፣ ቀድሞን በቅን ልቦና አድራሻውን የያዘውን ሰው አያስለቅቅም፤ በትሕትና ጠይቁት አለች። እኔና ትሕትና ደግሞ የት እንተዋወቃለን? ስም እያግበሰበሰ የሚሸጥ ቀማኛ ነው ብዬ ደምድሜ ያን ደብዳቤ ራሴ ጻፍኩት።

መልስሽ ሲመጣ ለአባባ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «ይህን ስም ያወጣልኝ አባታችን ነው። ላንተስ ማን አወጣልህ?» ይላል። ባለቤቱ አንቺ መሆንሽ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። አባባ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በአዲስ የትራስ ልብስ ጠረገና እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ልጄን በገዛ ስሟ ልትከሳት?» አለኝ።

በወጣሽ ማግስት የራስሽን ትራስ ቤት ልትከፍቺ አድራሻውን እንደያዝሽው፣ ከዚያ የመጋረጃ ስፌት ሥራ አላላውስ እንዳለሽ ጽፈሻል። በየዓመቱ ለምን እንደምታድሺው ለራስሽም እንደማይገባሽ ነግረሽኛል። እኔ ገብቶኛል። እኔም መቀስሽን በየወሩ ዘይት እቀባው ነበር። ናፍቀሽኛል እትዬ፤ ያን ቀን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

አድራሻው ያንቺ ነው፤ አንነካውም። አባባ ምልክቱም በስምሽ ይዙር ስላለ ወረቀቱ ፊርማሽን እየጠበቀ ነው። ከዚያ ወዲያ በስሙ የምንሠራው አንቺ ስትፈቅጂ ብቻ ነው፤ ካሰኘሽ ልታባርሪን ትችያለሽ።

ዛሬ ጠዋት ገጹን ስከፍተው «በቅርብ ቀን» የሚለው ጠፍቷል። በቦታው የመጀመሪያዋ ጠማማ ትራስሽ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የእኛ ስልክ ቁጥር። ከዚያ ጀምሮ ስልኩ ይጮሃል፤ አባባም ማንንም አያስነካም። የመጀመሪያዋ ደዋይ ድንቡሼ ማን እንደሆነች ጠየቀችው።

«ልጄ ናት። አሁን የለችም፤ ቅዳሜ ትገባለች» አላት።

በስተርጅና አታሳብዪው።

ከሳሽሽ የነበረው ታናሽ ወንድምሽ