ረመዳን ያላለቀላቸው አሰልጣኝ

ለክብርት ዶክተር የምሥራች
የኮሌጁ የተማሪዎች ጉዳይ ዲን
ናይሮቢ

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የወገብዎን፣ ምክንያቱም በየጠዋቱ ከኪሊማኒ ተነስቶ በቲካ መንገድ የመኪና ጃም ውስጥ መቀመጥ ወገብን ምን እንደሚያደርግ፣ እኔም ከሳውዝ ሲ ሰፈር ወደ ኢስሊ በማታቱ ታክሲ የምመላለስ ሰው ስለሆንኩ በደንብ አውቀዋለሁ። ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ መኪናውን ለሚነዳልዎት ወንድማችንም አላህ ዕድሜና ትዕግሥት ይስጥልኝ።

ጃፈር ኑሬ እባላለሁ። ኢስሊ ውስጥ መጋረጃ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ባለቤቴ ኩለሱም፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሞተች ወዲህ ከአንድ ልጃችን ከሩመይሳ ጋር እኖራለሁ። ሩመይሳ የእርስዎ ኮሌጅ ተማሪና የረጅም ርቀት ሯጭ ናት። ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፌ የእኛ ሰው በሚያነብበት ቴሌግራም ላይ ያወጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎም አሰልጣኝ ፋኑኤልም የአዲስ አበባ ልጆች ናችሁና አስተርጓሚ ማስቸገር አልፈለግሁም። ደግሞም በእንግሊዝኛ አሳምሬ የማውቀው ማመስገን ብቻ ነው፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር አመስግኜ አመስግኜ ነው የወጣሁት፤ ጸሐፊዎ ደስ ብሎኝ የሄድኩ ቢመስላቸው አልፈርድባቸውም።

በመጪው ቅዳሜ ከውድድሩ በኋላ ለአሰልጣኝ ፋኑኤል የክብር ሽኝት እንደሚደረግ፣ እሳቸውም በውጭ አገር ወደሚገኝ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሊሄዱ እንደሆነ፣ የሯጮች ወላጆችም ተገኝተን እንድናጨበጭብ እንደተጋበዝን የሚገልጸው መልእክት ደርሶኛል። በኮሌጁ በር ላይ የተሰቀለውን፣ ፎቶግራፋቸው ከአንድ ፎቅ የሚበልጠውን፣ «ሻምፒዮኖችን የሠራ እጅ» የሚለውን ባነርም ከማታቱ መስኮት አይቼዋለሁ። ማለፊያ ፎቶግራፍ ነው። ሆኖም ለማጨብጨብ እጄን ከማንሳቴ በፊት፣ እጄን የያዙትን ነገሮች በቁጥር እያደረግሁ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት ረመዳን አሰልጣኙ ሱቄ ድረስ መጡ። ቁመው ሳይሆን ተቀምጠው፣ በእውነት በትሕትና፣ «ሐጂ፣ ልጅቷ እየጾመች ሙሉውን ርቀት እንድትሮጥ አልጨክንባትም፤ እስከ አጋማሹ ለሐሊና ታሯሩጥላትና ትውጣ» አሉኝ። ሐሊና የቡድኑ ኮከብ ናት። ማሯሯጥ ማለት፣ ለማያውቅ አንባቢ፣ ከፊት ሆኖ ነፋሱን እየገፉ ፍጥነቱን መያዝ፣ ከኋላ ያለችው ጥሩ ሰዓት እንድታመጣ መንገዱን ማቅለል፣ ከዚያም አጋማሹ ላይ ከመሙ ወጥቶ ሣሩ ላይ መቆም ማለት ነው። እኔ ሐጅ አላደረግሁም፤ ይህንንም ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ምንም የማያስወጣቸውን ነገር ሁሉ በልግስና ስለሚሰጡ ማዕረጉን አልነፈጉኝም። ሩመይሳ «ባባ፣ ጾሜን ይዤ እጨርሰዋለሁ» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰውየው አዝነውልን ሳሉ ምን ታስቸግሪያለሽ ብዬ ዝም አሰኘኋት፤ ለአሰልጣኙም በማፍጠሪያ ሰዓት ሳምቡሳና ተምር ላክሁላቸው፤ ዱዓም አደረግሁላቸው። ከዚያ ረመዳን አለቀ። ጨረቃዋን ኢስሊ በሙሉ አይቷት ዒድ ሰገድን። ለአሰልጣኝ ፋኑኤል ብቻ ሳትታያቸው የቀረች ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ልጄ ከዚያ ወዲህ በሮጠችበት ውድድር ሁሉ፣ በዝናቡም በሐሩሩም፣ በልታና ጠጥታ እያለች፣ አጋማሹ ላይ እንድትወጣ ታዝዛለች። ለጾመኛ የተደረገው እዝነት ለበላተኛም ስለተረፈ፣ ስለዚህ ሰፊ ርኅራኄ ኮሌጁን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም ነበር። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነውና ሱቅ ዘግቼ አልሄድም፤ ልጄ የምታሳየኝ አጭር ቪድዮ ላይ ሁልጊዜ ከፊት ናት፤ እኔም ስልኬን ይዤ ለሰው ሁሉ አሳይ ነበር። ሻይ ለሚያመጣልኝም፣ መጋረጃ ሊለካ ለመጣም። አንድ ቀን ጎረቤቴ ኢክላስ፣ ምላሷን አላህ ያለዝብላትና፣ «ጃፈር፣ ያንተ ልጅ ሁልጊዜ ትመራለች፣ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ያሸንፋል፤ ይኼ እንዴት ያለ ሩጫ ነው?» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁን ለእሷ አደራ ብዬ ካሳራኒ ወዳለው ሜዳ ሄድኩ። ልጄ ከፊት ነበረች። አሯሯጧ የሚያምር ነው፤ አባት ስለሆንኩ ብቻ አይደለም የምለው። አጋማሹ ላይ ወደ ሣሩ ወጣችና ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች። በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰው «አሜቾካ» አለ፤ ደከማት ማለት ነው። ከጎኔ የነበሩት ሰዎች ሳቁ፤ አንዷም «እንዲህ መፍጠኗ ለመታየት ነው» አለች። አሰልጣኙ ዓይናቸው ሰዓታቸው ላይ ነበርና ዞር አላሉም። እሷ ግን ትንፋሿን ስትሰበስብ የሌሎቹን ልጆች ቱታ ከመሬት አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ለዚህ የክንድ ማጠናከሪያ ልምምድም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ማታቱ ውስጥ ምን ልበላት ብዬ ሳመነታ፣ እሷ ቀድማ «ዋቻ ቱ ባባ፣ ጆብ ነው» አለችኝ። ተወው፣ ሥራ ነው ማለቷ ነው። ተውኩት። የተውኩት ግን ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ አሰልጣኙ ውለታዋን በቦታው ያውቁላታል ብዬ ነው።

ሦስተኛው ውለታዋን እንዴት እንዳወቁላት የሚመለከት ነው። ቢሮዎ በዚህ ወር፣ ሩመይሳ በስፖርተኛነቷ ታገኘው የነበረው ነፃ ትምህርት ለሚቀጥለው ዓመት እንደማይታደስላት፣ ምክንያቱም በዓመቱ ውስጥ አንድም ውድድር አለመጨረሷ እንደሆነ አስታውቋታል። ክብርት ሆይ፣ ይህን ምክንያት ብዙ ጊዜ አሰብኩበት፤ ስህተትም አላገኘሁበትም። በእርግጥ አልጨረሰችም። እንዳትጨርስ እያዘዙ የሚከፈላቸው ሰው የእርስዎ ኮሌጅ ሠራተኛ ናቸው፤ ባለመጨረሷ የምታባርራትም የእርስዎ ፊርማ ናት፤ እኔ እንግዲህ ሁለታችሁ በአንድ ግቢ ውስጥ ስትሠሩ እርስ በርስ ተገናኝታችሁ እንደማታውቁ ገምቻለሁ። ለአሰልጣኙ ደውዬ «አሯሯጭ እንደነበረች ለዲኗ አንድ ቃል ይንገሩልኝ» ብላቸው፣ «ሐጂ፣ እኔ የማቀርበው ውጤት ነው፤ አሯሯጭ ውጤት የለውም» አሉኝ። «ለሐሊና ሰዓትስ?» ብል፣ «እሱ የሐሊና ነው» አሉ። የሐሊና ሰዓት ግን ባነሩ ላይ ከእሳቸው ፎቶ ሥር ነው የተጻፈው። እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደማመሰግን ስለጠፋኝ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

አራተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት። ስለ አሰልጣኙ ጠባይ ነበር፤ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መልሼ ሳነበው ሐሜት ሆኖ አገኘሁት። ቁጥሩን ብቻ ትቼዋለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ይሙሉት።

በዚያው ጠዋት ራሴንም ጠይቄያለሁ። ይህ ንዴት ለልጄ ነው ወይስ በየሰው ፊት ስልክ እያወጣሁ ስኩራራ ስለተዋረድኩ ለራሴ ነው? ሐቁን ለመናገር ትንሽ ለራሴም ነው። ግን ያን ትንሹን ባወጣውም የቀረው ብዙ ነው። ኩለሱም ብትኖር ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር፤ እሷ ራሷ ቢሮዎ መጥታ፣ ወንበር ስባ፣ ልጇን በስሟ እስኪጠሯት ድረስ አትነሳም ነበር። እኔ ግን አመስግኜ የምወጣ ሰው ነኝ፤ አንብቡልኝ ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው።

አምስተኛ። ነፃ ትምህርቷ በተነጠቀ በሳምንቱ አሰልጣኝ ፋኑኤል ልጄን ጠርተው፣ ቅዳሜ የመጨረሻ ውድድራቸው ስለሆነና የሐሊና ሰዓት ለአዲሱ ሥራቸው «ማለፊያ ስንብት» ስለሚሆንላቸው፣ እንደ ወትሮዋ እስከ አጋማሹ እንድታሯሩጥ ጠየቋት። «አንቺ የቡድኑ ሞተር ነሽ» አሏት። ሞተሩን አውጥቶ ጥሎ መኪናውን በክብር መሸኘት የሚቻልበትን ዕውቀት ከኮሌጅ ውጭ የምናገኘው አይደለምና አድንቄዋለሁ። ልጄ እሺ አለች። ለምን ብላት «ሐሊና ምን አጠፋች?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍም የፈቀደችልኝ ስለ ሐሊና ክፉ እንዳልጽፍ አስምላ ነው።

ቢያስምሉኝም ባያስምሉኝም ስለ ሐሊና የምጽፈው ክፉ የለኝም። ማክሰኞ ሱቄ መጥታ፣ በመጋረጃዎቹ መካከል ስትቆም መጀመሪያ ዋጋ የምትጠይቅ መስላኝ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ሐሊና» አለች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ስለ ነፃ ትምህርቱ የሰማችው የዚያን ቀን እንደነበር፣ አሰልጣኙንም ጠይቃቸው «አንቺ በሩጫሽ ላይ አተኩሪ» እንዳሏት ነገረችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ሁሉም ሰው የኔን ፊት ነው የሚያየው፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ያየሁት የሩሚን ጀርባ ነው። እሷ ከፊቴ ከሌለች የመጀመሪያውን ግማሽ እንዴት እንደሚሮጥ አላውቅም።» ክብርት ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ሁለት የተማሩ ሰዎችን ጠይቄ ያጣሁትን ምስክርነት ሳልጠይቃት የሰጠችኝ እሷ ናት። አንድ ሜትር መጋረጃ እንኳ ሳትገዛ ሄደች፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲመጣ ዋጋ ስሳሳት ዋልኩ።

የምለምነው እንግዲህ ብዙ አይደለም። የአሰልጣኙን ባነር አውርዱ አላልኩም፤ ንፋሱም ዝናቡም አለ። ሽኝቱንም አታስቀሩ፤ ሰው ሲሄድ መሸኘት ደግ ነው፤ አንዳንዱን ሰው ሲሄድ መሸኘት ደግሞ ደስ ይላል። የምለምነው አሰልጣኝ ፋኑኤል ለክብራቸው በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ በዚያው ማጉያ፣ ሩመይሳ ጃፈር ደክሟት ሳይሆን ታዝዛ ትወጣ እንደነበር በአፋቸው እንዲናገሩ፣ እርስዎም አንድ ዓመት ሙሉ ያሠራችኋትን ልጅ ያልሠራች አድርጋችሁ እንዳታሰናብቷት ነው። የመማሪያ ቦታዋን መልሱላት። ትምህርቷን እንኳ ትጨርስ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካነበቡልኝ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ካላነበቡልኝም ጸሐፊዎ በሚያምር ፈገግታ «እናሳውቅዎታለን» ስላሉኝ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ልጆችዎም እርስዎ በሚመሩት ዓይነት ኮሌጅ ውስጥ እንዲገቡ ከልብ የምመኝልዎ፣

ታላቅ አክባሪዎ
ጃፈር ኑሬ
የሩመይሳ አባት
መጋረጃ ሻጭ፣ ኢስሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ልልከው ስል ሐሊና ደወለችና የሚከተለውን እንድጨምርልዎ አደራ አለችኝ። የሩመይሳ ጉዳይ እስከ ዓርብ መልስ ካገኘ፣ ቅዳሜ ሁለቱም እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ይሮጣሉ፤ የምትችል ትቅደም። መልስ ካላገኘ ግን ሩመይሳ አጋማሹ ላይ ስትወጣ እሷም አብራት ትወጣለች፤ ቱታም አብረው ያጥፋሉ። ልጄ «እንዲህ አታድርጊ» ብላ ለምናት ነበር፤ አልሰማቻትም፤ ነገሩ ከእኔም ከልጄም እጅ ወጥቷል። ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ ለአሰልጣኙ ስንብት የቀጠራችሁትን ፎቶ አንሺ መጨረሻው መስመር ላይ ወይስ አጋማሹ ላይ እንደምታቆሙት ከወዲሁ ብትወስኑለት፣ ሰውየው ዕቃውን ተሸክሞ ከወዲያ ወዲህ እንዳይንገላታ ብዬ ነው።