በግማሽ የቀረ ፂም

ልጄ፣ እስክሪብቶውን የያዘችው እህትህ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ የአባትህ ነው። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ። ያላልኩትን እንዳትጨምር፣ ያልኩትንም እንዳታለዝብ ብዬ አስምያታለሁ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሳንቃ ስታነሳ ይይዝሃል? ሚስትህስ ደህና ናት? ትልቁ ልጅ ትምህርት ገባ? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ይኸው በሰባ አራት ዓመቴ በምላጬ የደማ ጉንጭ የለም። እናትህም ደህና ናት። ትናንት ከጎረቤት ጋር ስትነታረክ ድምጿን እስከ ፀጉር ቤቴ ድረስ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የጤና ምስክር የለም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ያ ሽቅርቅር፣ የእህትህ ባል የነበረው፣ አንተ ወዳለህበት ሊመጣ ነው። አድራሻህን ከአክስትህ ተቀብሏል። አብረን ኳስ እየተጫወትን ነው ያደግነው፣ ቤቱ ያሳርፈኛል፣ የሚሠራበት እንጨት ቤትም ያስቀጥረኛል ብሎ ተማምኗል። እንዳታስጠጋው። እስከ ዛሬ ተስማምተው ተለያዩ ብለን ነበር የነገርንህ። ውሸት ነው። አሁን እውነቱን ስማ።

የእህትህ የወር አበባ ከልጅነቷ ጀምሮ አንዴ በሦስት ወር፣ አንዴ በአምስት ወር ነበር የሚመጣው። እዚህ ላይ እጇን አቆመች፤ ጻፊው አልኳት፣ አባት አፍሮ የተወውን ሰፈር ሳያፍር ይናገረዋል። ሳትበላ ትወፍራለች፣ አገጯ ላይም ፀጉር ይበቅላል። እኔም ራሴ፣ ይሄንንም ጻፊው፣ እስቲ ትንሽ ተንቀሳቀሺ፣ ስንፍናሽን ቀንሺ እያልኩ አንጀቷን አሳርሬዋለሁ። አግብታ ሦስት ዓመት ልጅ ሳይመጣ ቀረ። ሽቅርቅሩን አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብትለው እኔ ምን ሆኜ አላት። ከዚያ አንድ ምሽት ቢራ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ይቺን ሴትዮ ልመልሳት ነው፣ ፂሟን አባቷ ይላጭላት አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሱቄ ፊት ለፊት የሚሠራው ጫማ ሰፊ እዚያ ነበርና ቃል በቃል ነገረኝ። በሳምንቱ ልብሷን በሁለት ማዳበሪያ ጠቅጥቆ ደጄ ላይ አራገፈው። ያቺን ቃል ዓመት ከመንፈቅ አኝኬያታለሁ።

የመረመረቻት ሐኪም በሽታው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ እንደሚባል ነገረቻት። እኔ እንደገባኝ፣ የሴት እንቁላል የሚወጣበት ቦታ ሥራውን በጊዜው አይሠራም፤ በሴት ሰውነት ጥቂት መሆን ያለበት የወንድ ሆርሞንም ይበዛል። ወሩ የሚዛባው፣ ፀጉሩ የሚበቅለው ከዚያ ነው። እርግማን አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። ተነቅሎ አይጠፋም፣ ግን ይገራል። መካን ማለትም አይደለም፤ ብዙዎቹ ታክመው ይወልዳሉ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ደግሞ በሽታው ካለባቸው ሁለት ሴቶች ጋር አገናኘቻት። የሚቀመጡበት ቦታ አልነበራቸውም፤ ኮሪደር ላይ ሰው ዓይኑን ይተክልባቸዋል። ሰኞ ሱቄ ዝግ ነው፣ ቁልፉን ውሰጂ አልኳት። አሁን አሥራ አንድ ሆነዋል። መጋረጃውን ይጋርዱና የትኛው ኪኒን ሆድ እንደሚረብሽ፣ ለአማት ምን ተብሎ እንደሚመለስ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ተያይዘው እስከ ድልድዩ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። አንዷ አራት ወር ሙሉ ከቤቷ አልወጣችም ነበር። እህትህ በየሰኞው እየሄደች በሯን ስታንኳኳ፣ ስታንኳኳ፣ በመጨረሻ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። አገጯ በደነዘዘ ምላጭ ቆስሎ መግል ይዟል። ያን ጊዜ እህትህ አባዬ፣ ና አሳየን ብላ ጠራችኝ። ሙቅ ፎጣ እንዴት እንደሚደረግ፣ ቆዳ እንዴት እንደሚወጠር፣ ምላጭ ወዴት እንደሚሄድ አስተማርኳቸው። አሁን መምህር ነው የሚሉኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ መምህር ሆኜልሃለሁ።

ታዲያ ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሱቁ በሰው እንደተሞላ፣ ሽቅርቅሩ ከተፍ አለ። አባባ፣ ያለፈው አልፏል፣ ለፓስፖርት ፎቶ ልነሳ ነው፣ እንደ እርስዎ አሳምሮ የሚላጭ የለም ብሎ ተዘረጋ። ፎጣውን አሙቄ ደረብኩለት፣ ሳሙናውን ቀባሁት፣ ቀኝ ጉንጩን እንደ እንቁላል አድርጌ ላጨሁት። ከዚያ ምላጬን ጠርጌ አጠፍኩ። ዓይኑን ሲገልጥ፣ ይሄኛው ጉንጭ ላንተ፣ ያኛው ቢራ ቤት ለሳቁት፣ ሄደህ አስቃቸው አልኩት። ከሱቁ ሰው መጀመሪያ የሳቀው ጫማ ሰፊው ነው። ሽቅርቅሩም ፊቱን በፎጣዬ ሸፍኖ ወጣ፤ ፎጣዬን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

የኛን የፀጉር አስተካካዮችን ሕግ ታውቀዋለህ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ሳያስጠይቅ አይጨርስም። ሦስት ቤት ዞረ። ሦስቱም ጋሼ፣ ምን ሆነው ተዉት ብለው ላኩብኝ። ለሦስቱም ቢራ ቤት የተናገረውን የራሱን ቃል መለስኩላቸው፣ ሦስቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። ቤቱ ገብቶ ራሱ ሲላጭ ግራ አገጩን ዘነጠለው፤ ፎቶውንም እንደዚያው ተነሳ። እኔ በጣት ነው የምፈርመው፤ ያን ፓስፖርት ካየኸው ግን አገጩ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እህትህ በቃ አባዬ፣ አንዴ ተበቅለሃል ትለኛለች። እናትህም ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ትለኛለች። እንግዲያው ጸሎቱን ለእነሱ ትቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በሩን ዝጋበት። ውሃ ቢጠማው ደጅ ላይ አጠጣው፣ ጨዋ ቤት ነው ያደግኸው። ጣራህ ሥር ግን እንዳያድር። ለአለቃህም ስለ እሱ በጎም ክፉም እንዳትናገር።

ሌላም የምጨምረው ነበረኝ። ሰኞ ሴቶቹ ሲያወሩ ሳላስበው ጆሮዬ የገባ፣ ያን ሰው የሚመለከት ነገር አለ። ብዘራው አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው። ልናገር ስል እህትህ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ሰኞ የተባለ እዚያው ይቀራል፣ ይሄ ከወጣ ደግሞ የሚመታው እሱን ሳይሆን አንዲትን ሴት ነው፣ ሌሎቹም አይመለሱም አለችኝ። አባትሽ ነኝ አልኳት። እንግዲያው ሌላ ጸሐፊ ፈልግ አለችኝ። ያቺን አራት ወር ከቤቷ ያልወጣችውን አሰብኩ። ዋጥኩት። ስንት ነገር ስውጥ ኖሬያለሁ፣ እንደዚህ የመረረኝ ግን የለም። እንግዲህ አንተም ያለ እሱ እመነኝ።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፣ ምራቴ ሳትሆን ልጄ ናት። ትልቁን ልጅ ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። እናትህ ወገብህን ሙቅ ነገር አድርግበት ትልሃለች። ጫማ ሰፊው በጣም ናፍቀኸኛል ብሎሃል። እህትህ የራሷን ሰላምታ ከታች ትጻፈው፤ እሷን አላዝዛትም፣ ዛሬ አይቼዋለሁ።

ከፀጉር ቤቴ፣ ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን፣ ሴቶቹ ወደ ድልድዩ ከሄዱ በኋላ

በይ አሁን የጻፍሽውን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። በሩን ዝጋበት የሚለው ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ሁለቴ ልስማው። ዋጥኩት ብዬ ያጻፍኩሽን ቦታ ግን ለእኔ አታንብቢው።