ለእንግዳ የተቆለፈው ሳሎን

ይድረስ ለጌታሁን፣ ለሕይወት አባት፣ ለእኔ ደግሞ ለሁሉ ነገሬ፤

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛውን ጀምረነዋል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል፣ ዓይኔም የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ሌላው ሰላም ነው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ለሟች ደብዳቤ ስትጽፍ ያየ ሰው ጃጀች ይለኛል። ይበለኝ። አንተ ልትሰማው የሚገባ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሰፈሩን ልንገርህ። ለቡ የምታውቃት ለቡ አይደለችም። ጎረቤታችን ጋሽ ዲንቃ ገብስ ይዘራበት የነበረው ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞ፣ ከሥሩ ዳቦ ቤትና ፋርማሲ ተከፍቷል። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ኮብልስቶን ተነጥፏል። ያኔ ስንመጣ ቦቲያችንን አስፋልቱ ዳር ካለችው ሱቅ አስቀምጠን፣ ጫማ ቀይረን ታክሲ እንይዝ ነበር። አንድ ቀን ጫማህን መቀየር ረስተህ በጭቃ ቦቲ ፋብሪካ ገባህ። ጓደኞችህ ቀኑን ሙሉ ሲስቁብህ ዋሉ፤ ማታ ስትነግረኝ ግን ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። አሁን ያንን ጭቃ ብነግራቸው የልጅ ልጆችህ ተረት ይመስላቸዋል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሙት ዓመትህን ሀና ማርያም ጸሎት አስደርሰን፣ ግቢያችን ውስጥ የእድሩን ድንኳን ተክለን ለሰው ምሳ አቀረብን። አብዛኛው ሰው ቀምሶ ከሄደ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ድንኳኑ ያፈስ ጀመር። የቀሩት አዛውንቶቹ ነበሩ፤ ወንበራቸውን ከወዲያ ወዲህ እየጎተቱ ከጠብታው ይሸሻሉ። የምኖርባት ሰርቪስ ቤት በሳህንና በድስት ተሞልታለች። ልጅህ ሕይወት ቀና ብላ አየችኝ። የፈለገችው የትልቁን ቤት ቁልፍ እንደሆነ ገባኝ።

መቼም የዚያን ቁልፍ ነገር እንዳንተ የሚያውቀው የለም። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሰርቪሷን ሠራን። ትልቁ ቤት እስኪያልቅ ነው ብለን በሁለት ክፍል ገባን። ትልቁ ቤት አለቀ፤ ሶፋው ገባ፣ መጋረጃው ተሰቀለ፣ ብርጭቆው ቡፌው ውስጥ ተደረደረ፤ እኛ ግን ከሰርቪሷ አልወጣንም። የሕይወትን የሰርግ መልስ ሳሎኑ ውስጥ ደገስንና ለእንግዳ ይቀመጥ ብለን መልሰን ቆለፍነው። እንግዳውም ሲመጣ እሳቱም ምግቡም ያለው ሰርቪሷ ውስጥ ነውና እዚያው ከእኛ ጋር ተጣቦ ተጫውቶ ይሄዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ወለሉን ትወለውላለህ፣ እኔ አቧራ አራግፋለሁ። ከዚያ ፀሐይ የሶፋውን ቀለም እንዳይበላው መጋረጃውን ግጥም አድርገን እንወጣለን። እንዲህ አድርገን ሁለት ጤነኛ ሰዎች የሶፋ ዘበኛ ሆነን ኖርን።

ቁልፉን ሰጠኋት። ሰዎቹ በረንዳው ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ። ጋሽ ዲንቃ በዚያ ዕድሜው ከጫማው ክር ጋር ሲታገል ሳይ አፈርኩ። ተዉት፣ ከነጫማችሁ ግቡ አልኳቸው። ገቡ። ያ ወለል ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ እንደዚያ ቀን ጭቃ አይቶ አያውቅም።

ጋሽ ዲንቃ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ዙሪያውን ቃኘና ጌታሁን እዚህ ስንት ጊዜ ተቀምጧል ብሎ ጠየቀኝ። ለክፋት አልነበረም፤ ቤቱ አምሮት ነው። እኔ ግን ለመቁጠር ብሞክር የአንድ እጅ ጣት በዛብኝ። ጣቴን ስቆጥር አይቶ መሰለኝ፣ ጨዋታውን ወደ ራሱ ወሰደው። ዕድሜ እንደገና ቢሰጠው ስኳር ሳይይዘው በፊት ሻዩን በደንብ አጣፍጦ ይጠጣ እንደነበር ተናገረ። ሁሉም ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባቱ የተከሏትን ዋንዛ ለጣውላ ብሎ እንደማይቆርጣት ተናገረ፤ ይኸው ዛሬ ጥላ ፍለጋ ፋርማሲ በር ላይ እውላለሁ አለን። አጠገቡ የተቀመጠችው እትዬ ዘነቡም ለእናቷ ቀብር የሄደችውን መንገድ እናቷ በሕይወት እያለች ደጋግማ ሄዳው ቢሆን እንደምትመርጥ ነግራን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሁሉም በተራው የሚለውጠውን ተናገረ። ወደ እኔ ሲዞሩ ሻይ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ።

መልሱን ለእነሱ ሳይሆን ላንተ ልሰጥ ብዬ ነው። ሕይወት ቤቱን አከራይተሽ እኔ ዘንድ ነዪ እያለች ስትለምነኝ ከርማ ነበር። ደላላም መጥቶ አይቶት ሄዷል። እሺ ልል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ አንተ ሳትኖርበት የቀረኸውን ቤት ብቻዬን ከፍቼ መግባት አስፈርቶኝ ነው። የእነ ጋሽ ዲንቃ ጨዋታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ምን እለውጥ ነበር እያልኩ ዕድሜያችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ በረበርኩት።

አንተን አልለውጥም፤ ይህን መቼም ታውቀዋለህ። ጭቃውንም አልለውጥም። ከፋብሪካ ደክሞህ ገብተህ እራትህን ሳትበላ አዲስ የተለሰነውን ግድግዳ ውሃ ታጠጣ ነበር፤ ስሚንቶው እንዳይሰነጠቅ። እኔ የተማሪ ደብተር ሳርም ሕይወትን በጀርባህ አዝለህ ታስተኛታለህ፤ የሰፈሩ ወንዶች ሲያሾፉብህ አብረሃቸው ትስቅ ነበር። ሰርቪሷም ብትሆን ጠባብነቷ በጀን። ተኳርፈን ጀርባ ብንሰጣጥ እንኳ ክርን ለክርን እንነካካለንና ኩርፊያው አይነጋለትም ነበር። በቀብርህ ቀን የሕይወት ታሪክህ ሲነበብ ከዚህ ውስጥ አንዱም አልተጠቀሰም። እኔ ግን አመሰግንሃለሁ። ዕድሜ ልኬን አላጎደልክብኝም።

የምለውጠው ያንን ቁልፍ ብቻ ነው። እንግዳ እንግዳ ስንል፣ ያንን ቤት ድንጋዩን ተሸክሞ የሠራው ሰው ሳይቀመጥበት ሄደ። ይሄ ያንገበግበኛል። ሁለታችንም ያደረግነው ስለሆነ ግን አንተንም ራሴንም አልወቅስም፤ ለነገ ማስቀመጥ ነበር የተማርነው።

ስለዚህ ለደላላው ትልቁ ቤት አይከራይም አልኩት። ሕይወት መጀመሪያ አኮረፈች፤ በኋላ ግን ራሷ መጥታ አልጋዬን ወደ ትልቁ ቤት አሻገረችልኝ። የቡፌውን ብርጭቆ አውጥቼ በየቀኑ ውሃ እጠጣበታለሁ፤ አንዱን ሰብሬዋለሁ፣ እንዳትቆጣ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ዲንቃና እትዬ ዘነቡ እዚህ ይቀመጣሉ። ዋንዛዋ ባትኖርም ጋሽ ዲንቃ ጥላ አግኝቷል። ሰርቪሷን የተከራዩት ወጣት ባልና ሚስት የራሳቸውን ቤት እየሠሩ ነው፤ ጣሪያው እንዳረፈ ግቡበት ብዬ በየቀኑ እጨቀጭቃቸዋለሁ።

ይህን የምጽፍልህ ሶፋው ላይ ሆኜ ነው። ጠዋት ስነሣ መጋረጃውን እከፍትና መጀመሪያ ስምህን እጠራለሁ፤ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ ይህን ሳላደርግ የምውልበት ቀን አይኖርም። አሁን ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ በስተቀኝ በኩል፣ አንተ መቀመጥ የነበረብህ ቦታ ላይ አርፏል። ጨርቁ ቀለሙን መልቀቅ ጀምሯል።

ይልቀቅ።

ያንተው፣
የሕይወት እናት