ከጆንያው ሥር ያለው

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ።

እንዲህ ብዬ እንድጀምር ያደረገኝ ባንተአምላክ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እንቅልፍ ማጣቴን አይቶ ዲላ ድረስ እየጎተተ እሱ ጋ የወሰደኝ ወንድሜ ሲላስ ነው። ባለሙያው በሕይወት እንዳለች አድርገሽ ጻፊላት አለኝ። ከተቀበርሽ አምስት ወርሽ፤ እኔ ጤናሽን እጠይቃለሁ።

ሰውዬውን አላመንኩትም። ታውቂያለሽ፣ ኢዲዶ ቡና ማጠቢያው ከገበሬ እሸት ቡና መረከብ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከላይ ቀዩ ያማረበትን ጆንያ ነው ይበልጥ የምጠረጥረው፤ ጥሬው የሚደበቀው ከሥሩ ነው። ባንተአምላክም ከላይ አማረብኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ያልኩትን መልሶ ይለኛል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። ጠረጴዛው ላይ ግን በተራ ቁጥር የተጻፈ ወረቀት አለ። ከማዶ ሆኜ በግልባጩ አነበብኩት፤ ሦስተኛው ላይ ለሟች ደብዳቤ ማጻፍ ይላል። ይሄን ሁሉ የምትለኝ ከልብህ ነው ወይስ ከወረቀቱ ብዬ አፋጠጥኩት። ጥያቄዎቹ ከወረቀቱ እንደሆኑ፣ ሌላውንም ሰው እንደሚጠይቅባቸው ሳያፍር ነገረኝ። አለመዋሸቱ ራሱ አናደደኝ።

ደብዳቤውን እንደማይከፍተው፣ ግን እሱ ጋ እንዲቀመጥ ሲነግረኝ ፈተንኩት። ባዶ ወረቀት አጥፌ፣ መሐሉ ቀይ ክር አድርጌ፣ ፖስታውን አሽጌ ሰጠሁት። በሳምንቱ መለሰልኝ። ክሯ እንዳስቀመጥኳት ናት። እንደዚያም ሆኖ የፖስታውን ጠርዝ ወደ መስኮቱ ይዤ ደግሜ አየሁት። አትሳቂብኝ።

ያን ቀን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተና የእሸቱን መብሰል በእጄ እንዴት እንደማውቅ ጠየቀኝ። ይሄማ የኔ ነገር ነው፤ ለፈለፍኩ። ጆንያውን እስከ ሥሩ እንደምዘረግፍ፣ ለዘመድ እንደማላደላ በኩራት ስነግረው አንቺ ላይ ደረስኩና አቋረጥኩ። ሳይገፋኝ ጠበቀኝ። ይሄም ከቁጥሮቹ አንዱ ይሆን እንዴ እያልኩ አለቀስኩ።

እንግዲህ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ቡናሽን ልታስረክቢ የመጣሽ ዕለት በሰልፈኛው ሁሉ ፊት ጆንያሽን ዘርግፌ፣ ጥሬ ተቀላቅሎበታል ብዬ መለስኩብሽ። ፍሬውን ከመሬት ለቅመሽ፣ በጀርባሽ ተሸክመሽ ሄድሽ። በሦስተኛው ቀን ደጋግመሽ ደወልሽልኝ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። በማግስቱ የደወለው ሲላስ ነው። እማዬ፣ ምን ልትዪኝ ነበር? ተቀይመሽኝ ነበር ወይስ አሞሽ ነበር? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የትኛውም ቁጥር ሥር አላየሁትም።

ነገ ቀጠሮ አለኝ። ይሄንን ፖስታ ሳላሽገው እሰጠዋለሁ። ክርም አላደረግኩበትም።

በጌታ ዕረፍት ሁኚ። ጀርባሽ ከሸክም ይረፍ። የተውሽልኝ ምርቃት ካለ ይድረሰኝ።

ጆንያሽን የመለሰችብሽ ልጅሽ